ሳር የሌለው ሳር ቤት፣ ሽቦ የሌለው ስልክ

ጀሞ፤ እሑድ ማለዳ፤ ገና አንድ ሰዓት አልሆነም። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ስድስት ሳይክሎች በተዘጋ ሱቅ በር ላይ ተደግፈው ቆመዋል። መሪያችን አንድ ባንድ እየዞረ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ኮርቻውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሠላሳ ያልደፈነ፣ ቀጭን፣ ለወሬ የማይቸኩል ልጅ ነው። ከመካከላችን አንጋፋው ከቴሌ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ካቴና እንዳይበላው የቀኝ ሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ጎስጉሰዋል። መሪያችን ሄልሜታቸውን ሲያስርላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እቤት እንዳትነግሩብኝ» አሉን፤ «ለልጄ ቅዳሴ እሄዳለሁ ብያት ነው የወጣሁት።»

ከእሳቸው ሌላ አንድ ባልና ሚስት አሉ። ወላጆቿ ጎፋ ሰፈር ያደጉ፣ እሷ ግን ዋሽንግተን የተወለደች አንዲት ወጣትም አለች። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ሳይክል ላይ ከወጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል።

«ዛሬ ሙዚየም አንገባም» አለ መሪያችን ልንነሳ ስንል። «ሐውልትም እዚህም እዚያም ካልሆነ የለም። የማሳያችሁ ስም ነው። በየደረስንበት እንቆምና የቦታው ስም ምን ማለት እንደሆነ በዕድሜ የገፋ ሰው ፈልገን እንጠይቃለን።»

ነገሩ ግር ይላል። አዲስ አበባን ሊያይ የመጣ ሰው በየት በየት እንደሚወሰድ የታወቀ ነው፦ እንጦጦ ማርያም፣ ጊዮርጊስና ፊት ለፊቱ ያለው የምኒልክ ሐውልት፣ ጣይቱ ሆቴል፣ የስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት፣ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም። ከመስቀል አደባባይ በታች ያለው ከተማ ለአስጎብኚ መተላለፊያ ነው። በሳሪስ በኩል ወደ ቢሾፍቱ፣ በጀሞ በኩል ወደ አዳዲ ማርያምና ወደ ጢያ ትክል ድንጋዮች ሲሄዱ በመኪና መስኮት የሚታይ አቧራና ኮንዶሚኒየም። እኔም ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን የማውቀው ታክሲ ሲጠበቅበት ነው። ታሪክ አለው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ለመጠየቅም አስቤ አላውቅም።

ከጀሞ ወደ ለቡ የሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ለሳይክል ተብሎ የተከለለ መስመር አለ። ከተማዋ የኮሪደር ልማቱ ከመምጣቱ በፊት ለብስክሌት ብላ ከለየቻቸው ጥቂት መስመሮች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ሞተር ለሌለው ትራንስፖርት እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በወሩ መጨረሻ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎችን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀው «መንገድ ለሰው» ተጀመረ። በዚህች ከተማ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላዩ የእግር ጉዞ መሆኑን ለሚያውቅ፣ መንገድ ለሰው መባሉ ራሱ ትንሽ ያስቃል። ቀሪው ቀን ሁሉ ለማን ነበር?

መስመሩ ላይ ወጣን። ሁለት መቶ ሜትር ሳንሄድ አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን ዘርግቶ አገኘነው፤ ደንበኛው እግሩን ሰቅሎ ጋዜጣ ያነባል። ዞርናቸው። ቀጥሎ ጭነት የሚያራግፍ አይሱዙ። ዞርነው። ቀጥሎ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ ባጃጅ፤ ይህኛው በእኛው መስመር መጥቶ እኛኑ ጡሩንባ ነፋብን። ሚስትየዋ ከፊቴ ነበረች። «አይዞሽ የኔ እህት፣ በርቺ!» ያላት አንድ ሰው፣ «ቁጭ ብለሽ ቡና ብታፈዪ አይሻልሽም?» ያላት አንድ ሰው፤ ሁለቱም እየሳቁ። እኛን ወንዶቹን ማንም ምንም አላለን። ሊስትሮው ላይ ለመፍረድ ግን ልቤ እንቢ አለኝ። ማንም የማይሄድበት፣ ለስላሳና ንጹሕ የሆነ መሬት አግኝቶ ሥራ ጀመረ። መስመሩን ባዶ ያደረግነው እኛ ነን።

ባዶ የሆነበትን ምክንያት ሁሉም ሰው በአንድ ቃል ይመልሰዋል፦ ዳገት። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ስለሆኑ ሳይክል ለመዱ፤ አዲስ አበባ ግን ከአቃቂ ዝቅታ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከሆነው፣ ተነስታ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለች። እውነት ነው፣ ግን እውነቱ ግማሽ ነው። ወንዞቿ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚወርዱት። ስለዚህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በየወንዙ ይወርዳል፣ በየወንዙ ይወጣል፤ ጉልበት የሚጨርሰው ይህ ነው። በወንዙ አቅጣጫ ለሚሄድ ግን መንገዱ ረጅም፣ ቀስ ያለ፣ ልብ የማያፈነዳ ነው። ደቡቡ ደግሞ ዘርጋ ያለ ነው። ከጀሞ በለቡና በላፍቶ እስከ ሳሪስ ድረስ ባለው መሬት ሃያ ዓመት ሳይክል ያልነካ ሰው እንኳ ማርሹን አቅልሎ ይዘልቃል። መኪና ውስጥ ሆኜ ይህን መሬት ሜዳ ነው ወይስ ተዳፋት ብትሉኝ አልመልስም ነበር። ጭኔ ግን መለሰ።

ድሮ ሳይክል የምንከራየው በዙር ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ሳይክል ያለው ሰው ነበረ፤ ሳንቲም ሰጥተኸው እስከ መብራት ምሰሶው ደርሰህ ትመለሳለህ፤ ከዘገየህ በዱላ ይቀበልሃል። ስታድግ ትተወዋለህ። ሳይክል የልጅ ነገር ሆኖ የቀረው፣ ወይም ደግሞ መኪና መግዛት ያቃተው ሰው ነገር፣ በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ሁሌም እንዲህ አልነበረም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ሲሆን፣ የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር። ገረመው ደንቦባ በግል የጎዳና ውድድር 24ኛ ወጣ፤ ቡድኑ 9ኛ። ከአራት ዓመት በኋላ ሮም ላይም ተወዳደረ። ሮም ላይ ግን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ወደ ሩጫ ዞረ። ገረመው ሲያርፍ ስሙን የማያውቀው ሕዝብ ከሚያውቀው ይበዛ ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆንም ደስታችን ከአንድ ሳምንት አላለፈም።

ኃይሌ ጋርመንት ስንደርስ ከማየታችን በፊት ሸተተን። ሽንኩርት፣ የተረገጠ ጎመን፣ ናፍጣ። አትክልት ተራ እዚህ ነው ያለው አሁን። ድሮ ፒያሳ ስር ነበር፤ ኮሮና ሲመጣ ሰዉ እንዳይጨናነቅ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ጃን ሜዳ ደግሞ የጥምቀት ሜዳ ነውና በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሊደርስ ሲል ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚህ መጣ። ፒያሳ አጠገብ ያለው የቀላል ባቡር ፌርማታ ግን እስከ ዛሬ «አትክልት ተራ» ይባላል። ሽንኩርት የሌለበት አትክልት ተራ። መሪያችን ይህን ነገር ይወደዋል፤ ፊቱ በርቶ ነው የነገረን። «ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዱ ልጅ፣ እዚህ ፌርማታ ላይ ምን አትክልት ነበረ ብሎ ይጠይቃል» አለ።

እዚያው ግቢ ዳር፣ በበሰበሰ ጎመን ቅጠል ላይ ሳልፍ ጎማዬ ተንሸራተተና ከአስፋልቱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ፉስ አለ። እንደ እድል ሆኖ ጎሚስታ ቤት ሩቅ አልነበረም።

ጎሚስታው በትልቅ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሳይክሉን ገልብጦ ጎማውን አወጣ፤ ከመነዳሪውን መዝዞ በውሃ ሳህን ውስጥ እያዞረ አረፋ ፈለገ። ከዋሽንግተን የመጣችው ልጅ አማርኛዋን ማሻሻል ትፈልጋለችና እያንዳንዱን ነገር «ይህ ምን ይባላል?» ትለዋለች። ጎማ። ከመነዳሪ። ፍሬን። ካቴና። እሱ ራሱ ጎሚስታ። በወረቀት ላይ ጻፈቻቸው። ጡረተኛው አባት ዝርዝሩን ከትከሻዋ በላይ አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ጣሊያንኛ ነው እኮ የጻፍሽው።»

እውነታቸውን ነው። ብስክሌት የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያን ነው የመጣው፤ ሳይክል ዘግይቶ ከእንግሊዝ የመጣ ተቀናቃኙ ነው። ጣሊያኖች የቆዩት አምስት ዓመት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ቀን በ1933 ዓ.ም. ተመለሱ። መንገድና ጋራዥ ሲሠሩ ግን ቃሉንም አብረው ተከሉት። ከተማዋም ላይ እንዲሁ። ፒያሳና መርካቶን ማንም ያውቃቸዋል። ካዛንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ድርጅት ምህጻረ ቃል የመጣ ነው፤ ከነፋስ ስልክ ወደ መሐል ከተማ ሲወጡ የሚገኘው ላንቻ የጭነት መኪና ስም ነው። አስመራ ይህን ቅርስ ሕንፃ ከነሕንፃው ጠብቃ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ አስፍራለች፤ ጎዳናዋም በሳይክል የታወቀ ነው። የእኛ ግን በአብዛኛው በጎሚስታው አፍ ላይ ነው ያለው። ቁራጭ ጎማ ለጠፈ፣ ነፋው፣ «ሂድ፣ ደርሰሃል» አለኝ።

* * *

ላፍቶ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንዲት እናት አገኘን። መሪያችን ወርዶ፣ ሳይክሉን አስደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። «እማማ፣ ላፍቶ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ግራር ነዋ» አሉ፤ እንዴት ይህን አታውቁም በሚል ዓይን። «በኦሮምኛ።»

«የት አለ ግራሩ?»

ዙሪያቸውን ቃኙ። በአንድ በኩል የብሎኬት አጥር፣ በሌላ በኩል የሞባይል ካርድ ሱቅ። መልስ አልሰጡትም፤ መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ከተማዋ ሳትመጣ መሬቱ ስም ነበረው። ፍል ውሃው ፊንፊኔ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት ያንን አካባቢ ነው። ደቡቡ ግን ሰያሚ ሳይደርስበት ስለቆየ ከአሮጌ ስሞቹ ብዙዎቹን ይዞ ቀረ፦ ላፍቶ፣ መካኒሳ፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ ፉሪ። መካኒሳ ብሳና ነው፤ ቅጠሉ ሲያረጅ ብርቱካን መስሎ የሚረግፈው ዛፍ። ስሙን ያወጣው ገበሬ የሚያየውን ነው የጠራው። ግራር ያለበት ግራር፣ ብሳና ያለበት ብሳና። የጀሞ ኮንዶሚኒየሞች የቆሙበት መሬት ራሱ ብዙ ዘመን ሳይርቅ ማሳ ነበር። ከማሳው የተነሳው ሰው የት እንደደረሰ በዚያ ጠዋት የጠየቅነው ሰው የለም። መጠየቅ ነበረብን።

ዛፉስ ምን ሆነ? ማገዶ ሆነ፣ ምሰሶ ሆነ፣ አጥር ሆነ። የምኒልክ ከተማ አገር በቀሉን ዛፍ በልታ ስለጨረሰች፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ የሚያድግ፣ ሲቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን የሚናገር። ዛሬ በላፍቶ ዳርቻ ግንበኛ መወጣጫ የሚያቆመው በባሕር ዛፍ ነው። ግራር ካለ ግን ታፔላ ላይ ነው።

ከላፍቶ ወደ መካኒሳ ስንጓዝ ትንሹን አቃቂ ተሻገርን። ድልድዩ ላይ ቆመን ቁልቁል አየን። ውሃው ጥቁር ነው፤ አረፋ ይዟል። ዳርና ዳሩ ግን ለምለም፦ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን በመደብ በመደብ። አንድ ሰው በባልዲ ከወንዙ እየቀዳ ያጠጣል። ከተራራ ጥርት ብሎ የሚነሳው ውሃ በከተማዋ ሙሉ ወርዶ እዚህ ሲደርስ የሰሜኑን ፍሳሽ ሁሉ ተሸክሟል፤ በእነዚህ ማሳዎች አትክልት ውስጥ ከባድ ብረቶች እንደሚገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ለክተዋል። የአቃቂ ዳር አትክልት ግን ከተማዋ ስትበላው ኖራለች። ባልየው፣ «ትናንት ማታ የበላሁት ሰላጣ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

መካኒሳ የአልኮል ፋብሪካው አካባቢ ስንደርስ ሽታው ተለወጠ፤ እንደ ተቃጠለ ስኳር ያለ፣ ጣፋጭና ከባድ። አንድ ነገር ያስተዋልኩት እዚህ ነው፤ ሳይክል ላይ ከተማን መጀመሪያ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። መሪያችን ሲቀጥርህ «ውሃና ሶፍት ያዝ» የሚልህ በከንቱ አይደለም።

ሳር ቤት ላይ ብዙ አልቆየንም። ሳር ቤት የሣር ክዳን ቤት ማለት ነው፤ አሁን ሣር ያለው በቪላ ግቢ ውስጥ ነው፣ እሱም ይታጨዳል እንጂ አይከደንበትም። በአቅራቢያው የሩስያው ባለቅኔ ፑሽኪን አደባባይ አለ። የቅድመ አያቱ አገር የት ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ከእኛ ወገን የዛሬዋ ኤርትራ፣ ከሌላው ወገን ካሜሩን የሚሉ አሉ። አደባባዩን ግን ቀድመን ሰጥተነዋል። ለሳይክለኛ ስፋቱ እንጂ ግጥሙ አይረዳም፤ ሦስት ጊዜ ዞረን ነው መውጫ ያገኘነው።

ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ የአፍሪካ ኅብረት ነው። ከክፍለ ከተማው ወሰን አለፍን፤ መሪያችን ግን ይህን ቦታ አይዘልም። ሁላችንም ቀና ብለን ሕንፃውን አየን። ቻይና ሠርታ ሰጠችው፤ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው፤ የሲርት ጉባኤ ኅብረቱን ለመመሥረት የወሰነበትን 9/9/1999ን እንዲያስታውስ ሆን ተብሎ። «አሁን ቀና ማለቱን ትታችሁ መሬቱን እዩ» አለ። መሬቱ ዓለም በቃኝ ነበር። በንጉሡም በደርግም ዘመን የሰው ልጅ ገብቶ ዓለም በቃኝ ያለበት እስር ቤት። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ የቀድሞውን መንግሥት ሹማምንት በአንድ ላይ የረሸነው በዚሁ ወኅኒ ግቢ ነው። እስር ቤቱ ፈርሶ ኅብረቱ ተሠራ። ጡረተኛው አባት ሄልሜታቸውን አወለቁ። ምንም አላሉም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆሙ፤ ከዚያ መልሰው አጠለቁ።

* * *

ጎፋ ላይ ልጅቱ መሪ ሆነች። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች፤ እናቷ ዋሽንግተን ተቀምጣ በእስክሪብቶ የሣለችው ካርታ። የመንገድ ስም የለበትም፤ የቤት ቁጥር የለበትም። ከጎፋ ገብርኤል በታች፣ የወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ትልቁ ዋርካ ጋ ወደ ግራ፣ የጠላ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። አዲስ አበቤ አድራሻ የሚሰጠው እንዲህ ነው። ቁጥር ሳይሆን ሰው የሚያውቀው ነገር ነው አድራሻው።

ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይናገራል። ሰፈር ማለት የሰፈሩበት ነው፤ ጦር ሲሰፍር። የምኒልክ ከተማ የተጀመረችው እንደ ጦር ሰፈር ነው። ንጉሡ ጉብታው ላይ፣ መኳንንቱ በየፊናቸው በሌላ ጉብታ፣ ጭፍራቸው በዙሪያቸው፤ በመካከል ወንዝና ገደል። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር። ጎፋም ከደቡብ፣ ከጎፋ አገር በመጡ ሰዎች ስም ተጠራ። አዲስ አበባ ቀጥ ያለ ጎዳና ያጣችው ፕላን አውጪ ሳይወለድላት ቀርቶ ብቻ አይደለም፤ ድንኳን ጉብታ እየተመረጠ የሚተከል ስለሆነ ነው። በመኪና ይህ አይገባህም፣ ምክንያቱም መኪና ድልድዩን ሳያስተውለው ያልፋል። በሳይክል ግን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስትሻገር ትወርዳለህ፣ ትወጣለህ፤ ወንዙ የሁለት ጌቶች ወሰን እንደነበረ ሳንባህ ይነግርሃል።

ገብርኤልን አልፈን ወረድን። ወፍጮ ቤቱን አላገኘነውም። ዋርካውንም። አንድ የአርባ ዓመት ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። «ጠላ ቤቱ የእማማ…» ብሎ አሰበ፤ «እዚያ ጋ ፎቅ ያለው ነው። ያ።» መስታወት የለበሰ ሰባት ፎቅ። ልጅቱ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አወጣችና ተወችው። መሪያችን እስካሁን የነበረው ጨዋታ ሁሉ ጠፋበት። ቤቱ ቢፈርስም ስሙ ይኖራል የሚለው ነገር ለጎብኚ ይጥማል፤ ቤቱ የእናቱ ለሆነ ሰው ግን ምን ይረባዋል? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ ውስጥ ደጃች ውቤ ሰፈርን ሲፈርስ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በዚያው በኮሪደሩ ሥራ ሰፋፊ የሳይክል መንገዶች መምጣታቸውንም ያውቃል። ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያይ ጋላቢ ደስታው ሙሉ አይሆንለትም፤ ለእኔ አልሆነልኝም። ሰውየው ግን እናቷን በስም ያውቃት ኖሯል። «የእሷ ልጅ ነሽ?» ብሎ አገላብጦ ሳማት፤ ቡና ካልጠጣችሁ አትሄዱም አለ። ጉብኝቱ አርባ ደቂቃ ዘገየ።

ጎተራ የእህል መከማቻ ማለት ነው፤ አካባቢው ስሙን ያገኘው ከትልልቅ የእህል መጋዘኖቹ ነው። አሁን ስሙን ስትጠራ ማንም እህል አያስብም። ቻይናዎች የሠሩትን፣ ድልድይ በድልድይ ላይ የተጠማዘዘውን ማሳለጫ ነው የሚያስበው። ለመኪና የተሠራ፣ በመኪና ብቻ የሚያምር ነገር ነው። ሳይክል ይዘህ መኪናው ከላይ ሲመጣ ከታች ሲገባ፣ ሚኒባሱ ከግራህ ሲገፋህ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «አንተ ሰውዬ ቤተሰብ የለህም?» ሲልህ ይገባሃል። መሪያችን ሁላችንንም አስወረደን። እየገፋን፣ በእግረኛ መንገዱ፣ በነጠላ ሰልፍ አለፍን። ኀፍረት አልተሰማንም።

ከጎተራ በኋላ መንገዱ ወደ ደቡብ በቀስታ ይወርዳል። ፔዳል መምታት ተውን። በመካከል አስፋልቱን ከሁለት የሚከፍለው የቀላል ባቡሩ ሐዲድ አብሮን ይሄዳል። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለሰፈሩ ሁለት ፌርማታ ሰጥቶታል፤ ነፋስ ስልክ አንድና ነፋስ ስልክ ሁለት። እዚያ ጋ ቆምን።

«እዚህስ ማንን እንጠይቅ?» አለ መሪያችን፣ ወደ ጡረተኛው አባት እያየ።

እሳቸውም ይህን ሲጠብቁ ነው የመጡት። ሳይክላቸውን በአጥሩ ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ስልክ ወደዚህ አገር ሲገባ፣ አሉ፣ ሽቦ ነበር። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር። ምሰሶውን ዝሆን ይታከከውና ያጋድመዋል፤ ሽቦውን ሰው ለጌጥ ይቆርጠዋል፤ ጠጋኙ በበቅሎ ወጥቶ ሳምንት ይቀራል። ከዚያ ሽቦ የሌለው ቴሌግራፍ መጣ። ሽቦ ከሌለው በምን ይሄዳል? በነፋስ። ሰው እንዲህ ብሎ ነው ስም ያወጣለት፦ የነፋስ ስልክ። ማሰራጫው በዚህ በአቃቂ አቅጣጫ ተተከለ፤ ሬዲዮም በ1920ዎቹ በዚያው ተከተለ። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ወራሪው ሊመጣ ሲል አዲስ አበባን ያጥለቀለቋት የውጭ ጋዜጠኞች ወሬያቸውን ወደ ለንደንና ፓሪስ የሚልኩት በነፋስ ነበር። «እንግሊዙ ሽቦ አልባ ብሎ የሌለውን ነገር ነው የጠራው» አሉ፤ «የእኛ ሰው ግን ያለውን ፈልጎ ነፋስ አለው። የማን ይበልጣል?»

ምሰሶ አለ ወይ ብለን ዙሪያችንን አየን። የመብራት ምሰሶ አለ፣ ክሬን አለ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ባቡሩ እየተንኳኳ አለፈ።

በዚህ መሐል የእሳቸው ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ሁላችንም ሰማን።

«አባዬ፣ አምስት ሰዓት እኮ ሆነ! ቅዳሴ አልወጣም እንዴ?»

«ረዘመ» አሉ፣ ወደ እኛ ሳያዩ።

«ምንድን ነው እሱ? አይሰማኝም። ነፋስ ነው የሚሰማኝ።»

ጡረተኛው አባት ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና አዩት።

«ስልኩ ነው» አሏት።